ገደሉን ቤት ያደረግሁበት ዓመት

ሩቅ ያለ ነገር ሲወራለት ያምራል። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ያሉት አባቶች ስለ ጠበል ብቻ የተናገሩ አይመስለኝም። እኔ ለምሳሌ መካነ ሰላም ተወልጄ፣ ደሴ ተምሬ፣ ተመልሼ መካነ ሰላም የማስተምር የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ባሕር አይቼ አላውቅም። ሆኖም በውቅያኖስ መካከል ስላሉት የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ጠይቁኝ፤ እዚያ ያደግሁ ይመስል እተርክላችኋለሁ። እሳት ከባሕር ሥር ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ድንጋይ ይሆናል። ነፋስ ወይም ወፍ አንዲት ዘር ያመጣል። ዘሯ መመለሻ የላትምና ከድንጋዩ ጋር መስማማት ትጀምራለች፤ ብዙ ሺህ ዓመት ስትስማማ ኖራ አንድ ቀን የአገሯ ዘመዶች ቢያገኟት አያውቋትም። ይህን ስንት ዓመት አስተማርሁ። ተማሪዎቼ በፈተና ላይ በትክክል ይመልሱታል፤ ከዚያ ይረሱታል።

እኛም ብንሆን ከዚያ ብዙ አንርቅም። ይህ ደጋ ሁሉ የቀለጠ ድንጋይ እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ የተሠራ ነው። ኋላ ወንዞቹ ቆራረጡት። ዛሬ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመሻገር ቆላ ወርዶ መውጣት ግድ ነው። ሰው በቅሎ አለው። ብርድ የለመደ ተክል ግን የሸለቆውን ሙቀት በምን ይሻገራል? ስለዚህ እያንዳንዱ አምባ ደሴት ነው፤ ባሕሩ ሙቀቱ ነው።

ይህንንም አስተምሬአለሁ፤ ያውም በቦታው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጥቁር ድንጋዩ እንደ ተጠረበ ምሰሶ ጎን ለጎን የተደረደረበት ገደል ነበር። በየዓመቱ ተማሪዎቼን እዚያ እወስዳለሁ። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ቅጠሏ ወፍራምና ጸጉራም፣ አበባዋ ቢጫ፣ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ ተክል ትበቅላለች። ሌላ ቦታ አይቻት አላውቅም። በአጠገቡ ባለው ደብር ልጆች የሚያስተምሩትን የኔታን ስሟን ብጠይቃቸው፣ «ስሟን የሚያውቀው የፈጠራት ነው፤ እኔ የማውቀው ከዚህ ድንጋይ ወርዳ እንደማታውቅ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቤት መሥራት ጀመርሁ። ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜ ሕሊና ከማይፈለገው ዕቃ ጋር ታስሮ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። ግንበኛው ሰይድ ለመሠረቱ የመጣውን ድንጋይ ሁሉ ነቀፈ።

«ይኼ ድንጋይ አይደለም ቲቸር፤ የደነደነ ጭቃ ነው። ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ጥርብ የሚመስል የሚገኝበት አያውቁም?»

አውቃለሁ አልሁት። መማር ለዚህም ይጠቅማል።

ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ። ገደሉ በሦስት የኢሱዙ ጭነት ግቢዬ ገባ። ሰይድ አንዱን ድንጋይ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ማሻ አላህ! ይኼን የጠረበው ማነው?» አለ። እሳት ነው ልለው አሰብሁና ተውሁት፤ የሥራ ሰዓት ነበር።

በዓመቱ ተማሪዎቼን ይዤ ሄድሁ። ልማድ ሆኖብኝ እንጂ የምንሄድበት አልነበረም። ከተነቀለ ጥርስ ቦታ በቀር ምንም የለም፤ ተክሏም የለችም።

«ቲቸር፣ ድንጋዩ የት ሄደ?» አለች አንዷ።

«ሰው ወስዶት ይሆናል» አልሁ። ውሸት አይደለም፤ እኔም ሰው ነኝ።

የኔታ ከደብሩ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። እጅ ነሥቼ ላልፍ ስል ቀና ብለው አዩኝና፣ «ቤትሽ አለቀ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እንዲህ ያለ ረጅም ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

ከክረምቱ በኋላ ሰይድ የመሠረቱን ስንጥቅ በስሚንቶ ሊደፍን መጣ። ከጓሮ በኩል ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ መጠረቢያ ያዘ። ተጠግቼ ባይ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ሁለት ቅጠል አለ። ወፍራም፤ ጸጉራም።

«እሷን ተዋት።»

«ሥሯ ግንቡን ይከፍተዋል።»

«ይክፈተው።»

«ውሃ ይገባል ቲቸር።»

«ይግባ።»

«አይጥም ይገባል።»

«ይግባና አብሮን ይኑር።»

ሰይድ መጠረቢያውን አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አብሽሩ ቲቸር፤ ስሚንቶ አንሶ ከሆነ እኔ ዘንድ የተረፈ አለ» አለኝ። በሰፈሩም የመምህርቷ ቤት ስሚንቶ አንሷት ሳያልቅ ቀረ ይባላል። አላስተባበልሁም፤ ከእውነተኛው ታሪክ ይሻላል።

የኔታን ለምኜ አመጣኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝቅ አሉና ብዙ አዩ።

«ናት የኔታ?»

«ዓይኔ ደክሟል። ደግሞስ መምህርቷ አንቺ አይደለሽም?»

ነኝ። ግን አበባ እስክታወጣ ድረስ እኔም አላውቅም። በየማለዳው አንድ አንድ ኩባያ ውሃ አጠጣታለሁ፤ እስካሁን ሁለት ቅጠል ጨምራለች። ምናልባት እሷ ናት። ምናልባትም ተራ አረም ናት፤ እንዲያ ከሆነ በወሎ ቦረና ምድር አረምን ውሃ አጠጥታ ያሳደገች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ እሆናለሁ።

ለማንኛውም አልነቅላትም። አንዴ ነቅያለሁ።