በጣት አንጓ የሚቆጠር ግጥም

ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ካያችሁ፣ ወይ ይጸልያል፣ ወይ ጆሮው ውስጥ ስልክ ሰክቷል፣ ወይ ለይቶለታል። አራተኛ ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር ሐበሻ አላጋጠመኝም። አራተኛው እኔ ነኝ። ሃይኩ እጽፋለሁ።

ሳቁ፣ ችግር የለም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ እዚህ ሰው አገር፣ ግሬፕቫይን ከተማ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ የሚውል ሰው ከግጥም ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ሪቻርድሰን ከተማ የነጻ እንግሊዝኛ ክላስ ስገባ አስተማሪዋ ናት ያሳየችን፤ የጃፓኖች አጭር ግጥም ነው፤ ሦስት መስመር፣ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ድምፅ። በእንግሊዝኛው አልሆነልኝም። በአማርኛ ግን ፊደሉን በጣት አንጓ መቁጠር ነው፣ አለቀ። ሶ በየቀኑ ብሬክ ላይ አንድ እጽፋለሁ። ወገቤ ቢቆረጥም ያቺ አሥር ደቂቃ የራሴ ናት።

ጋሽ ታደሰ እዚያው ዌርሃውስ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ካሮልተን ከተማ አንድ ግቢ ስለምንኖር ጠዋት ራይድ ይሰጡኛል። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በርታ ልጄ፤ አንጓህን እየቆጠርክ ኪርያላይሶን ስትል አይቻለሁ» አሉኝ። «ማርታ የነርስነት ፈተናውን ሁለቴ ወድቃለች። አሁን ልትደግም ነው። ልጄን በጸሎትህ አስባት።»

«እሺ» አልኩ። ምን ልበል?

ከዚያ ወዲያ ስሜ ዲያቆን ሆነ። ብሬክ ላይ ጣቴን ባነሳሁ ቁጥር ጋሽ ታደሰ ከሩቅ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉልኛል፤ እኔ ደግሞ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ልጅቷ ብትወድቅ የማን ጥፋት ሊሆን ነው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ግን ሥራ የምንገባው ሳይነጋ ነው።

የፈተናዋ ዋዜማ ጠዋት፣ ዌርሃውሱ በር ላይ ፓርክ እንዳደረጉ፣ «ጋሽዬ፣ ጸሎት አይደለም። ግጥም ነው የምቆጥረው» ብዬ ደብተሬን ሰጠኋቸው። የመጨረሻዋ ስለሳቸው ነበረች፦

አባት ነቃ፤
መኪና ያሞቃል፤
ልጁ ተኝታ።

ሞተሩን አጠፉ። ደብተሩን ወደ መብራቱ አስጠግተው አነበቡ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው አንጓቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ቀስ ብለው ቆጠሩ።

«ስሟ የለበትም» አሉ።

«ማርታ ካልኩ በአንድ ፊደል ያልፋል፣ ጋሽዬ።»

«ለአንድ ፊደል ብለህ ነው? ማለቴ… ይሁን። ገጿን ቅደድና ስጠኝ።»

ማርታ አለፈች። በማን ጸሎት እንደሆነ አላውቅም፤ በኔ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

አሁን ብሬክ ላይ ሁለት ሆነን ነው አንጓ የምንቆጥረው። ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረ አንድ ሐበሻ ባጠገባችን ሲያልፍ ቆም አለና ኮፍያውን አወለቀ።

«እባካችሁ እኔንም አስቡኝ» አለን።

ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን አዘጋጁ።

«ስምህ ስንት ፊደል ነው?»