ቲቲ ኔሬይዳ መርከቡን ሲያስመርቁ

በእያንዳንዱ የፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ ውስጥ አንዲት ያላገባች፣ ያልወለደች፣ ነገር ግን ሁሉንም ያሳደገች አክስት አለች። የለችንም የሚል ቤተሰብ ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ አክስቲቱ አጠገቡ ቆማ የሚናገረውን እየነገረችው ነው። እኛ አክስትን ቲቲ እንላለን። የእኛ ቤት ቲቲ ክብርት ኔሬይዳ ኦካሲዮ ይባላሉ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። እኔን አሳድገዋል፣ ሁለቱን እህቶቼን አሳድገዋል፣ የጎረቤት ልጆችንም ማንም ሳይጠይቃቸው አሳድገዋል።

ልጄ ዛሪማር ስትወለድ «ለአንድ ሳምንት ልያችሁ» ብለው ከአሬሲቦ መጡ። ሳምንቱ ሃያ ሦስት ወር ሆነ። በነሐሴ ዛሪማር የሕፃናት መዋያ ልትገባ፣ እሳቸውም ከዚያ በፊት ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ተወሰነ። ለስንብት ከሳን ሁዋን ወደብ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ሰባት ቀን እንድንሄድ ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ከዘመድ ጋር ዘጠኝ ሆነን አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ካናቴራ እንድንለብስ ያዘዙት ግን እሳቸው ናቸው።

ስንብቱን የሚያከብደው አንድ ነገር ነበር። በእኛ አገር ልጅ ታላቁን ሲያገኝም ሲለይም «ይባርኩኝ» ይላል፤ ታላቁም «እግዜር ይባርክሽ» ብሎ ይመልሳል። ያለዚህ ቤት አይገባም፣ ስልክ አይዘጋም። ዛሪማርን ይህን ያስተማሯት ቲቲ ናቸው፣ ገና መቀመጥ ስትጀምር። ተምራለች። «ባኩኝ» ትላለች። ለአያቷ ትላለች፣ ለፖስተኛው ትላለች፣ ለጎረቤቱ ውሻ ትላለች። ለቲቲ ግን አንድ ቀን ብላ አታውቅም።

«ትላለች፣ ምን አስቸኮላችሁ» ይሉናል፤ ከእሳቸው በቀር የቸኮለ ሰው አልነበረም። ከጉዞው በፊት ካናቴራዎቹን ሲተኩሱ ለሚስቴ ለሊዝቤት፣ «ወደ ቤቴ ሳልመለስ አንዴ ብትለኝ ይበቃኛል» አሏት። በቲቲ ነገር መሳቅ ልማዳችን ነው፤ ያን ቀን ግን አልሳቅንም።

ጉዞው በሳፋ ተጀመረ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት የተፈጠረው ለቲቲ ሻንጣ ሳይሆን አይቀርም፤ የሰባት ቀን ብስኩት፣ ለሁሉም በሽታ የሚታሸት አንድ ጠርሙስ አልኮል፣ ልጅቷን ቡዳ እንዳይበላት ሁለት መለዋወጫ አምባር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ። ወደቡ ላይ ፈታሹ አየውና ዓይኑን ማመን አቃተው።

«እሜቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሳፋ ነው፣ ልጄ።»

«መርከቡ ላይ እኮ መዋኛ አለ።»

«ዳይፐር ያደረገ ልጅ መዋኛ አይገባም ይላል ወረቀታችሁ። ማንበብ እችላለሁ።»

ሳፋው አለፈ። በማግስቱ መዋኛው ዳር ተቀምጦ ዛሪማር ውስጡ መንቦጫረቅ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ልጆቻቸውን ያዘሉ አራት ወላጆች ወረፋ ይዘው ነበር፤ ተራ የሚያስጠብቁት ክብርት ቲቲ ናቸው።

የመርከቡ መከራ የጀመረው ግን ሊፍት ውስጥ ነው። አንድ ጀርመናዊና ሚስቱ ገቡ። ዛሪማር ቀና ብላ «ባኩኝ» አለቻቸው። ሰውየው ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘላትና በሚቀጥለው ፎቅ ሊወርድ ሲል ቲቲ በሩን በእግራቸው ያዙት።

«አልመለሱላትም» አሉኝ።

«ቲቲ፣ ቋንቋችንን አያውቁም።»

«ተጠይቆ ያልተሰጠ ምርቃት ልጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ካላወቁ ይወቁ።»

በሩ እየተከፈተ እየተዘጋ ማስተማር ጀመሩ። ሰውየው በአራተኛው ሙከራ «እግዜር ይባርክሽ» አለ፤ ሚስቱ ደግሞ ለጥንቃቄ ወረቀት ላይ ጻፈችው። ቲቲ እግራቸውን አነሱና ሊፍቱ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው። ልጅቷ ያገኘችውን ሁሉ «ባኩኝ» ትላለች፣ ቲቲ ከኋላዋ እየተከተሉ ያስመልሳሉ። መጠጥ ቀጂውን አስመለሱ። አስማተኛውን ትርኢቱን አቋርጠው አስመለሱ። ባሊ ከምትባል ደሴት የመጣው አስተናጋጃችን ኬቱት ነገሩ በጣም ስለተመቸው ሾርባ ባቀረበ ቁጥር ጠረጴዛውን በሙሉ ይመርቅ ገባ።

ካፒቴኑ ተሳፋሪውን በሚጨብጥበት ግብዣ ላይ ከኋላችን ሁለት መቶ ሰው ተሰልፏል። ዛሪማር የካፒቴኑን ሱሪ ይዛ «ባኩኝ» አለች። እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

«ቀስ ብለው ይበሉ፣ ካፒቴን» አሉ ቲቲ። «እግዜር።»

«እግ… ዜር።»

«ይባርክሽ።»

ካፒቴኑ ያን ሁሉ ቁመቱን አጥፎ፣ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየ ተናገረው። ቲቲ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «ጎበዝ። አሁን መንዳት ይችላሉ።»

አፍሬ ነበር፤ አልዋሽም። ለእረፍት መጥቼ በየኮሪደሩ የማላውቀው ሰው ይመርቀኛል። ግን ሰው ሁሉ መልሶ ካለፈ በኋላ የሚሆነውንም አያለሁ። ቲቲ ጎንበስ ብለው በለሆሳስ ይጠይቋታል።

«እኔንስ፣ የኔ እናት? እኔንስ ምን ትይኛለሽ?»

«ብስኩት» ትላለች ዛሪማር።

ብስኩቱን ይሰጧታል። ፊታቸውን ግን ወደ ባሕሩ ያዞራሉ። ይህ አንጀቴን በላኝ። በአምስተኛው ቀን ለማጭበርበር ሞከርኩ፤ ልጄን ለብቻዋ ወስጄ የማንጎ አይስክሬም ይዤ፣ «ቲቲን ባኩኝ ካልሻቸው ይሄ ያንቺ ነው» አልኳት። አሰበችበትና አይስክሬሙን «ባኩኝ» አለችው።

ምክንያቱን ያገኘችው ሊዝቤት ናት። ካቢናችን ውስጥ ካልሲ እያጣጠፈች፣ «ልጅቷ ይህን የምትለው ለሚመጣና ለሚሄድ ሰው ነው» አለችኝ። «ከተወለደች ጀምሮ ቲቲ መቼ ሄደው ያውቃሉ? የቤቱን ግድግዳ ባኩኝ ትበለው እንዴ?»

ለቲቲ ልነግራቸው ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። እንድትልዎት መሄድ አለብዎት ብሎ ለሰው እንዴት ይነገራል? የቀሩትን ሁለት ቀናት ሳፋውን እየተሸከምኩላቸው አሳለፍኩ፣ እሳቸውም ብስኩት ማደላቸውን ቀጠሉ።

ሳን ሁዋን ስንደርስ ረፋድ ነበር። እህቴ ቲቲን ወደ አሬሲቦ ልትወስዳቸው መኪና ይዛ መጥታለች፤ እኛ ወደ ቤታችን ወደ ባያሞን ነን። ቲቲ ዛሪማርን መኪናችን ውስጥ በመቀመጫዋ ራሳቸው አሰሯት፣ ደረቷን በአልኮላቸው አሹላት፣ የምትወደውን ገንፎ አሠራር ለሊዝቤት እንደገና ነገሯት። ከዚያ የሚነገር ነገር ሲያልቅባቸው ሄደው የእህቴ መኪና ውስጥ ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ።

ዛሪማር በተከፈተው መስኮቷ እያየች ነበር። የቲቲን በር አየች፣ ወደ እኛ አየች፣ እንደገና በሩን አየች። መኪናው ንቅንቅ ሲል በዚያች ትንሽ ጉሮሮዋ ወደቡን አናወጠችው።

«ቲቲ፣ ባኩኝ!»

መኪናው ቆመ። የቲቲ መስኮት ወረደ። ያን ያህል ሰው ያስመለሱት ሴትዮ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣም። ዛሪማር ደገመችው። ከኋላችን ታክሲዎቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። መልስ ሲያጡ አይቻቸው አላውቅም፤ ፈራሁ።

ወርጄ መስኮታቸው ላይ ጎንበስ አልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጢም ካበቀልኩ ወዲህ «ቲቲ፣ እንዴት ነዎት» ብዬ ነበር የማልፋቸው።

«ቲቲ» አልኩ፣ «ይባርኩኝ።»

አዩኝ። አፍንጫቸውን በብርቱካናማው ካናቴራ ጠረጉ።

«እግዜር ይባርካችሁ» አሉ፣ «ሁለታችሁንም።» ቀጥለውም፣ «ሂድና መስኮቱን ዝጋላት፣ ልጅቷን ብርድ ይመታታል» አሉኝ።

ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ይቀልጣል። ሄጄ ዘጋሁት።