የሚስተር ክሬክ ፊርማ

(በኦስኮምብ፣ ወንዝ ዳር። በትልቁ የመኳንንት ቤትና ሥራ በፈታው የውሃ ወፍጮ ቤት መካከል ያለ ግቢ። እመቤቲቱ ወፍጮ ቤቱን አፍርሰው የቴኒስ ሜዳ ሊያሠሩበት ነው። ሚስተር ክሬክ የጥንት ሕንፃ ባለሙያ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ቅርስ እንደሆነ እንዲወስን ማዘጋጃ ቤቱ ልኮታል። ሽማግሌው አትክልተኛ ጄትሮ የሚኖረው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ስለሆነ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ክሬክ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ በትልቁ ቤት ላይ ወዳለ የተደፈነ መስኮት ይጠቁማል።)

ክሬክ፦ የመስኮት ግብር ነው አልኩህ! ድሮ በመስኮት ብዛት ግብር ይጣል ነበር። ሰዉ ግብር ሽሽት ደፈነው። አለቀ!

ጄትሮ፦ ይሆናል ጌታዬ። ይሄን ግን የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ክሬክ፦ አንተ?

ጄትሮ፦ እመቤቲቱን ብርድ መትቷቸው አንገታቸውን ሲያማቸው ጊዜ።

ክሬክ፦ በሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ላይ የአንገት ሕመም ታመጣብኛለህ? ስማ፣ ግድግዳ እንደ መጽሐፍ ይነበባል።

ጄትሮ፦ እኔ ሠርቼ እንጂ አንብቤ አላውቅም። ትልቁ ቤት ተቃጥሎ እንደገና ያቆምነው ከአባቴ ጋር ነው።

ክሬክ፦ ቀለም ቀብታችሁ ይሆናል! ከመስኮቱ በላይ ያለውን አግዳሚ እንጨት እየው፣ እንዴት እንደጠቆረ! ቢያንስ አራት መቶ ዓመት።

ጄትሮ፦ እሱስ ልክ ነው። ከሌላ ቤት ነቅለን ነው ያመጣነው። ከወፍጮ...

ክሬክ፦ አታቋርጠኝ! የወፍጮውን ነገር ተወው፤ እሱ ጎተራ ነው፣ ይፈርሳል።

ጄትሮ፦ (ቆብ አውልቆ ራሱን እያከከ) እኔ ደነዝ ነኝ፣ አይገባኝም። እንጨቱ አራት መቶ ዓመት ከሆነው፣ የተነቀለበት ቤትስ?

ክሬክ፦ ወይ ጄትሮ! ልጅ እናቱን በዕድሜ ይበልጣል እንዴ? እውነተኛው ቅርስ እሱ ነዋ! አንድ ድንጋዩን የነካ በሕግ ይጠየቃል።

ጄትሮ፦ ቢጽፉልኝ ጌታዬ፤ እረሳዋለሁ።

ክሬክ፦ (እየሳቀ) ሪፖርቱ ላይ አሰፍረዋለሁ፤ እመቤቲቱም ይማሩበት። (ጽፎ ይፈርማል፤ አንዱን ቅጂ ለጄትሮ ይሰጣል) ለመሆኑ ያ ቤት ዛሬም አለ?

ጄትሮ፦ (ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ እየከተተ) አለ እንጂ። ተደግፈውታል።

(ክሬክ ቀስ ብሎ ዞረ። የኮቱ ትከሻ የወፍጮ ቤቱ ኖራ ነክቶት ነጥቷል።)

ክሬክ፦ አንተ! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ጄትሮ፦ ነግሬዎት ነበር እኮ ጌታዬ። እኔ ስነግርዎት እምቢ አሉ፤ ራስዎ ሲናገሩት ግን ወዲያው አመኑ።