የገናው በግና የፀሐይ መስኮት

በአገራችን ቤት መሥራት የጀመረ ሰው እንቅልፍ ያጣል እንጂ መካሪ አያጣም። መሠረት ሲቆፈር ያየ መንገደኛ ሳይቀር እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይቆምና፣ «በሩ ወዲህ ቢዞር ኖሮ…» ይላል። ራሱ የሚኖረው በኪራይ ነው፤ ቢሆንም ይላል። እኔ መምህሩ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ልጀምር ስነሳ የመከረኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከተማው!

አስተዳደሩ «አካባቢን የማይጎዳ ቤት እንሥራ» ብሎ ቦታ ያገኘነውን ሰዎች አዳራሽ ሰበሰበን። የኅዳር ውርጭ ነው፤ ሁላችንም በጋቢ ተጀቡነን አፍንጫችን ብቻ ነው ስብሰባውን የሚከታተለው። ኢንጂነር ሊዲያ የምትባል የከተማው ባለሙያ ተነሥታ አስረዳችን። አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር አደባልቃችሁ በማሽን ጠቅጥቁት፣ ጠንካራ ብሎኬት ይወጣዋል አለች። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በዚያ በኩል ሰፊ መስኮት አውጡ፤ ቀን የገባውን ሙቀት ወፍራሙ ግድግዳ ይይዘውና ያመሻል፤ ከሰል ማንደድ ይቀርላችኋል አለች።

ከሰል ስትል ጆሮዬ ከጋቢው ወጣ። ባለቤቴ ወርቄ እርጉዝ ነበረች። በኪራይ ቤታችን በር ዘግተን ከሰል ስናነድ ከሰሉ አፍኗት፣ ደጅ አውጥቼ ፊቷ ላይ ውኃ እየረጨሁ ስሟን ስጠራ የዋልኩበት ቀን ከሐሳቤ አልወጣም ነበር። እጄን አወጣሁ። የመጀመሪያው ፈቃደኛ ተብዬ ተጨበጨበልኝ።

አማቴ ቄስ ገብረ ሕይወት ይህን ሰምተው፣ ግድግዳው ቆሞ መስኮቱ ሲገጠም ከመዘዞ ድረስ መጡ። ግድግዳውን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኛ ከጭቃ ቤት እንድትወጡ ብለን ነው ያስተማርናችሁ። እናንተ ተምራችሁ ተምራችሁ ወደ ጭቃ ተመለሳችሁ?» አሉኝ። መስኮቱንማ ሲያዩ አማተቡ። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጀምር፣ ግድግዳውን ከግማሽ በላይ የያዘ መስተዋት ነው። ለአማት መልስ ያለው ሰውስ የት ይገኛል?

ዓመት ሳይሞላ ቤቱ አለቀ፣ ልጃችንም ተወለደች። ወርቄ በየረፋዱ ከመስኮቱ ሥር ፍራሽ ዘርግታ ልጅቱን ፀሐይ ታሞቃለች። ከሰል የሚባል ነገር ደጃችንን አልረገጠም። ከተማው ደስ ብሎት ቤቴን ለሌሎች ሞዴል ሊያደርገው አሰበ፤ የአስተዳደሩ ኃላፊ ራሳቸው መጥተው እንደሚያዩት ተነገረኝ። መቼ? በገና ዋዜማ!

አማቴ በማለዳ ለበዓሉ ደረሱ። በባዶ እጅ አልመጡም፤ ቀንዱ እንደ ጥምጥም የዞረ፣ ደረቱ የሰፋ የመዘዞ አውራ በግ እየጎተቱ ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ ችካል መትቼ አሰርኩት። ቦታ ጠፍቶ ነው? አይደለም። እንግዶቹ ሲገቡ የሞላ ቤት እንዲመስል ብዬ ነው። «በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ኃላፊው ከኢንጂነር ሊዲያና ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር ገቡ። ወርቄ ከመስኮቱ ሥር ልጅቱን እያጠባች ስለነበር፣ የወንድ ድምፅ ስትሰማ ጥቁር ሰማያዊውን መጋረጃ ሳብ አድርጋ ዘጋችው። ጨዋነት ነው፤ ማን ይቃወማል? ነገር ግን መስተዋት ከኋላው ሲጨልም ምን ይሆናል? መልክ ማሳያ ይሆናል።

በጉ ቀና አለ። መስኮቱ ውስጥ ቀንዳም በግ ቆሞ ያየዋል። አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ያኛውም ዝቅ አደረገ። በእግሩ መሬቱን ጫረ፤ ያኛውም ጫረ። ከዚያ ወደኋላ፣ ወደኋላ ማለት ጀመረ። አውራ በግ ወደኋላ ሲል የሸሸ የሚመስለው የዋህ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ መስተዋት ጀርባ፣ ከመጋረጃው ሥር፣ ሚስቴና ልጄ ናቸው።

«ወርቄ! መጋረጃውን ክፈቺው!» ብዬ ጮኽኩ። ከተከፈተ ያ ሁለተኛው በግ ይጠፋላ።

«አብደሃል እንዴ? እያጠባሁ ነው!» አለችኝ ከውስጥ።

«ግድ የለሽም፣ ክፈቺ ነው የምልሽ!»

«በሰው ፊት? ኧረ በናትህ እንግዶችህን ይዘህ ዙር!»

ኃላፊው ወደ ሌላ በኩል ዘወር አሉ፤ የባልና ሚስት ጠብ ውስጥ የገቡ መስሏቸው ይሆናል። ኢንጂነር ሊዲያ ግን ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በጉ ገመዱ እስኪወጠር ወደኋላ ሳበ፤ ችካሉ በውርጭ ከረጠበው መሬት ተነቅሎ ወጣ። አማቴ «በስመ አብ!» ሲሉ፣ እኔ እየዘለልኩ ሳለሁ በጉ ተወረወረ።

ገመዱ እጄ የገባው እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። በደረቴ ወደቅሁ፤ እንደ ማረሻ መሬቱን እየሰነጠቅሁ ተጎተትኩ፤ ገመዱ መዳፌን ልጦት አለፈ፤ እኔ ግን አልለቀቅሁም። በመጨረሻ አንገቱ ዞር አለ። ከመስኮቱ በክንድ ያህል ርቆ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ድምፁ መሬቱን አንቀጠቀጠው።

ከዚያ ልጄ አለቀሰች። እንደዚያ ቀን ልቅሶ ጣፍጦኝ አያውቅም። መጋረጃው በቀስታ ተገለጠና ወርቄ መጀመሪያ እኔን መሬት ላይ፣ ቀጥሎ ግራ ተጋብቶ የቆመውን በግ፣ ቀጥሎም ገመዱን አየች። ልጅቱን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ እዚያው ተቀመጠች።

አማቴ ወደ ግድግዳው ሄደው የተመታውን ቦታ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «የረገፈው አቧራ ብቻ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ኃላፊው ያጨበጨቡት። አጠገቤ መጥተው ከመሬት እያነሡኝ፣ «መምህር፣ እጅዎን ይስጡኝ! የአፈር ብሎኬት አይጠነክርም የሚሉትን እኛ በቃል ስንከራከር ኖርን፤ በተግባር ያሳዩን ግን እርስዎ ነዎት!» አሉኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው አፈር ነው። ኢንጂነር ሊዲያን አየኋት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ካሜራ የያዘው ሰው «ሁሉንም ቀርጬዋለሁ» አለ። ኃላፊው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ከክልል እንግዶች ሲመጡ ይደገምልናል። በጉን አደራ፣ እንዳታርዱት!» አሉ።

እንዲህ ሆኖ፣ በግ ደጁ ላይ እየጮኸ ከልኳንዳ ቤት ሥጋ ገዝቶ ገናን የዋለ ቤተሰብ እኛ ሆንን። እንግዶቹን በጥምቀት ጠበቅናቸው፣ አልመጡም። በጾሙም አልመጡም። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ቁስሌም ስለዳነ ወደ ቢሮው ሄጄ፣ እባካችሁ በጌን ልረደው ብዬ ለመንኩ። የተቀበለኝ ሰው በአዘኔታ አየኝና፣ «መምህር፣ ቢቻል ደስ ባለን፤ ግን በጉ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል» አለኝ።