ላም ያለ ጥጃ አትታለብም ያልኩ ዕለት

ዛሬ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። መሳቅ ይቻላል፤ ስክሪንሾት ግን ክልክል ነው!

ባኬ ጃማ ያለው የሰፈራችን የልጆች ንባብ ክበብ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ፊልም አሳየ። ልጆች ከሚወዱት አንድ የቆየ ልብ ወለድ የተሠራ ነው፤ ስለ አንዲት ወላጅ አልባ ልጅና ስለ ላሟ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጄ ሌንሳ መድረክ ላይ ወጥታ «ፊልሙ ከመጽሐፉ ምን ለወጠ?» የሚለውን ልታቀርብ ነበር።

አሥር ዓመቷ ነው። ፊልሙን ከክበቡ ልጆች ጋር ቀድማ አይታ፣ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ስትለማመድ ከረመች። እኔም ኮቴን ለብሼ የፊት ወንበር ላይ ተሰይሜያለሁ።

ፊልሙ ጥሩ ነበር። ልጅቷ ባልዲ ይዛ ላሟ ሥር ቁጭ እስክትል ድረስ።

ጥጃ የለም!

ዝም ብላ ማለብ ጀመረች። እኔ እኮ ኡኬ አጠገብ ከከብት ጋር ያደግኩ ሰው ነኝ። ጥጃው ሳይጠባ ላሟ ወተት ትሰጣለች? እናንተ ብትሆኑ ያስችላችሁ ነበር?

ብድግ አልኩ። «ውሸት ነው! ላም ያለ ጥጃ አትታለብም!»

ልጆቹ ሳቁ። ፊልሙ ቆመ። የወደዱልኝ መስሎኝ ቀጠልኩ፤ የእናቴ ላም የቡሬ ጠባይ ሳይቀር ተተረከ። «አባ፣ ማሎ፣ እባክህ ተቀመጥ» እያለች ሌንሳ ኮቴን ትጎትታለች። ማን ይስማት!

ይሄኔ ከኋላ ወንበር የፈረንጅ ላም ያላቸው የአዳራሹ ጎረቤት አዴ ጫልቱ ተነሱ።

«ኮቱ!» አሉኝ በኦሮምኛ። «ና ላሳይህ! የእኔዋ ጥጃ አትጠይቅም!»

አዳራሹ በሙሉ ግልብጥ ብሎ እስከ ግቢያቸው ተከተለን። አዴ ጫልቱ የላሟን ጡት በሞቀ ውኃ አጠቡና ቁጭ አሉ። ወተቱ ባልዲው ውስጥ ቿ! ቿ! ይል ጀመር።

ጥጃው? ማዶ ታስሮ ሣር ያኝካል። ቀና ብሎም አላየኝ።

እልል ተባለ! ቪዲዮ የቀረጹም አሉ። ካያችሁት እኔ አይደለሁም።

ስንመለስ ሰዓቱ አልቆ መዘምራን ለልምምድ አዳራሹን ይዘውታል። ሌንሳ ሳታቀርብ ቀረች።

ባጃጅ ውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ተቀመጠች። ምን ልትል እንደነበር ለምኜ ጠየቅኳት። ወረቀቷን ጭኔ ላይ ጣለችው።

ተራ ቁጥር አንድ፦ «መጽሐፉ ውስጥ ላሟ ጥጃዋ ካልጠባ አትታለብም። ፊልሙ ግን ጥጃውን አውጥቶታል። የመጽሐፉ ትክክል መሆኑን አባቴን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አባቴ ስለ ከብት የማያውቀው ነገር የለም።»

ለካ ባለፈው ኳስ ሳይ መጥታ የጠየቀችኝ ይህንን ነበር!

ትንሽ ታግሼ ቢሆን ስሜ በልጄ አፍ፣ በማይክ፣ በክብር ይነሳ ነበር። አሁን ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። እሷ በሯን ዘግታለች።

እስቲ የሴት ልጅ አባቶች ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ እናንተ አፋችሁን እንዴት ነው የምትይዙት?