አሥራ ሁለት እግዚኦ

በየአገሩ ዝናብ ሲመጣ ከሰማዩ ቀድሞ የሚያጉረመርም አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቀዬ እኚህ ሰው ጋሽ ይሥሐቅ ናቸው። ገብስ አራሽ እንጂ ካህን አይደሉም፤ እኔ ግን በግሌ «ሊቀ ነጎድጓድ» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ። ሹመቱን እስካሁን አልተቃወሙም፤ ስላልሰሙ ይሆናል።

ዕውቀታቸው እንዲህ ነው። ብልጭ ሲል «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አሥራ ሁለት ሳይሞላ ከጮኸ መብረቁ ቅርብ ነውና ሰው ሁሉ ቤት ይግባ። ቄስ ባስልዮስ አንድ ቀን የምሕረትን ጸሎት ሰዓት አደረግኸው ብለው ተቆጡ። «ምሕረቱን እየለመንኩ ነው የምቆጥረው፤ እርስዎም አባቴ ከጥዱ ሥር ይነሡ» አሏቸው። ቄሱ ተነሡ።

ዕድራችን የሚሰበሰበው እዚያው ጥድ ሥር ስለሆነ፣ እሳቸው ባሉበት ክረምት ተቋጭቶ የሚያውቅ ጉዳይ የለም። በቀብር ላይ ጃንጥላና አካፋ አስጥለው፣ አንዱን ልንቀብር መጥተን ሁለተኛ አንጨምር ብለው፣ ሐዘንተኛውን ሳይቀር ቤተ ክርስቲያን አስገብተውናል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ደግሞ ውዳሴ ማርያም ተደግሞ ሳያልቅ መውጣት የለም። ንፍሮው ቀዘቀዘ ማለት ዋጋ የለውም።

ጉዱ ግን ይህን ሁሉ የሚሰብኩት ደጅ ለደጅ እየዞሩ መሆኑ ነው። መንደሩን ቤት አስገብተው ዝናቡ ላይ የሚቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባለፈው ሐምሌ ጎረቤታችን መኳንንት ዳገቱ ላይ ባቄላ ሲያርም ደመናው ወረደ። ጋሽ ይሥሐቅ ሊጠሩት ወጡ። መኳንንት ሮጦ ገባ፤ እሳቸው ግን አልመጡም። ብልጭታውና ጩኸቱ አንድ ላይ ሆነ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

«ከኋላዬ ነበሩ» አለ መኳንንት፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ማን ቀድሞ እንደወጣ አላውቅም። ጎረቤታቸው እፀገነት ነጠላ ሳትደርብ፣ ቄስ ባስልዮስ፣ እኔ፣ ለስብሰባ ሞልቶ የማያውቀው ዕድር በሙሉ፣ በዚያ ዶፍ ዳገቱን ወጣን።

ረባዳው ላይ ቁጢጥ ብለው፣ እግራቸውን ገጥመው፣ ጆሯቸውን ይዘው አገኘናቸው። ከመበስበስ በቀር ደኅና ነበሩ። ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን።

«ስንተኛው እግዚኦ ላይ ነው የወጣችሁት?»

«አልቆጠርንም ጋሼ» አለች እፀገነት።

ሊቀ ነጎድጓድ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዝናቡን ብቻ አይመስለኝም። ከዚያ ተነሥተው፣ ተጠጋግታችሁ አትሂዱ፣ ተራራቁ እያሉ ቁልቁል ነዱን።

በዚያች ትእዛዝ ግን የታዘዛቸው አልነበረም።