የረቡዕ እርጎ

እርጅና እንደ ዝናብ ለሁሉም እኩል የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። አሁን አላውቅም። ዝናቡስ ቢሆን፣ ጣሪያው የሚያፈስበትንና የማያፈስበትን መች እኩል ያረጥባል?

ግራ ያጋባኝ ሬዲዮ ነው። አንድ ሐኪም ሆዳችን ውስጥ ስለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሲያወራ ሰማሁ። ሁሉም ጠላት አይደሉም አለ፤ ደጎቹ ደህና ምግብ ካገኙ ሰው ቶሎ እንዳያረጅ ያግዛሉ፣ ድህነት ግን እነሱንም ባለቤታቸውንም ያጎሳቁላል። እርጎ ለደጎቹ ይስማማል ሲል ጆሮዬ ቆመ። እናንተ ብትሆኑ ከዚህ ሁሉ የቱን ትይዙ ነበር? እኔ እርጎውን ያዝኩ። ድህነቱን ለሬዲዮው ተውኩለት።

አርባን ያለፈች ሴት ከመስተዋት ጋር ያላትን ጠብ ታውቃላችሁ። ረቡዕና ዓርብ መጾሜን ተውኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ «ለጤና ነው» እላለሁ። ቢሮ አጠገቤ ለምትቀመጠው ለአልማዝም ስለ እርጎ ሰበክሁላት።

እርጎውን የምታመጣልኝ ሐዋ ናት፤ ከጨፋ በባጃጅ ከሚሴ ድረስ። ፊቷ ተጨማዷል፣ የፊት ጥርሶቿ ጎድለዋል። ስለዚህ እማማ እላታለሁ፣ አንቱ እላታለሁ። አንድ ማክሰኞ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ብላ ገባችና የእርጎ ጮጮዋን ወደ ማሰሮዬ እየገለበጠች፣

«ታናሽ እህትሽ እንዴት ናት? አምስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበርን እኮ። ከዚያ እኔን ዳሩኝ» አለችኝ።

«ከእህቴ ጋር? ታዲያ እማማ ስልሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን አጣሁበት? እማማን ዋጋ ቀንሺ የሚል የለም!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። የታናሼ እኩያ! ሬዲዮው ትዝ አለኝና እንደ አዋቂ «ሐዋዬ፣ አንቺም እኮ እርጎ መጠጣት አለብሽ» አልኳት።

«እንጠጣ ነበር፣ ወላሂ። ረቡዕና ዓርብ እናንተ ስትጾሙ ለልጆቹም ለእኔም ይተርፍ ነበር። ዘንድሮ አንቺ መጾም ተውሽና ተሸጠ። አብሽሪ፣ ሽያጭ አይጠላም። ለልጆቹ ፓስታ እገዛበታለሁ።»

ልታጽናናኝ ነው ያለችው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው የሐዋን ላም ቢያይ ምን ይል ነበር? የሐዋ ላምኮ ደጃፏ ላይ ነው የታሰረችው።

አሁን ምን ላድርግ? ከእሷ ብገዛ ወጣትነቷን በጭልፋ እየቀዳሁ ነው። ብተው የልጆቿ እራት ይጎድላል። «ልክፈልሽና እርጎውን ራሳችሁ ጠጡት» ብላት ልመልስላት የያዝኩትን ጮጮ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ለማኝ ነኝ እንዴ? የሸጥኩትንማ መልሼ አልጠጣም!»

አውጥቼ አወረድኩና ወደ ጾሜ ተመለስኩ። ለነፍሴ ይሁን ለሐዋ ሆድ፣ እግዜር ይለየው። ብቻ ከብዙ ዘመን በኋላ ጾሜ ሰው የሚያጠግብ መሰለኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ «ልጆቹ እርጎ ጠጡ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ያቺ ጓደኛሽ አልማዝ አለች አይደል? ረቡዕና ዓርብ እሷ ትወስደዋለች። እሷም መጾም ተወች። ስለ ባክቴሪያ ስታወራ ብትሰሚያት! 'እማማ፣ እርስዎም ይጠጡ እንጂ' አለችኝ።»

ያን ረቡዕ ቢሮ ስገባ ሆዴ ይጮሃል። አልማዝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «እስቲ እዪኝ፣ ፊቴ አልጠራም?» አለችኝ።

ጾም ይዤ መዋሸት አልሆነልኝም።

«ጠርቷል» አልኳት።